ኢንፌክሽኑ ሲገኝ የሚዘጋው ጥያቄ

ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል የገባ ጎልማሳ የሳንባ ምች ተገኘበት እንበል። ፀረ ባክቴሪያ ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፤ ትንፋሹ ቀለለ፤ የደም ግፊቱም ተስተካከለ። ሰውየው ግን መዘባረቅ ጀመረ። ሚስቱን በእህቱ ስም ይጠራል፤ የቀመሰው ሁሉ ይወጣበታል፤ ሲመሽ ቢቀሰቅሱትም አልነቃ አለ። በካርዱ ላይ የሚጻፍለት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ያው ኢንፌክሽኑ ነው፤ በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይም ይኸው እውነት ሆኖ ይገኛል። ሆኖም በሕክምና መጽሔቶች ላይ እየተደጋገመ የሚወጣ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለ። አንድ ሐኪም ነገሩ አልዋጥለት ብሎ የደም አሞኒያ ያስለካል፤ ውጤቱ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ ጉበቱ ሲታይ ደህና ነው። በመጨረሻ ሰውየው ከእናቱ የወረሰው፣ ሠላሳ ወይም ሃምሳ ዓመት ሙሉ አብሮት ኖሮ አንድም ቀን ስሙ ያልተነሣ የኢንዛይም ጉድለት ይገኝበታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ሐኪም አልተሳሳተም። የሳንባ ምቹ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ተገቢ ነው። ከባዱ ነገር ትክክለኛ መልስ በመገኘቱ ፍለጋው መቆሙ ነው፤ የተገኘው በሽታ ያልተገኘውን ይከልለዋል። በዚያ ላይ ‹‹በዘር የሚተላለፍ የሜታቦሊዝም ሕመም የሕፃናት ሕመም ነው›› የሚለው በሕክምና ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ሲጨመርበት፣ የአዋቂዎች ክፍል ሐኪም ጥያቄውን ወደ አእምሮው የሚያመጣበት ምክንያት አይኖረውም። እነዚህን ሕመምተኞች የሚያሳጣን የመሣሪያ እጦት ብቻ አይመስለኝም። ከመሣሪያው በፊት የጎደለው ጥያቄው ነው።

የሕፃናት ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእነዚህ ሕመሞች ታሪክ ጋር እንኳ አይገጥምም። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ በ1902 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አልካፕቶኑሪያ ሲጽፍ የሰው ልጅ የኬሚስትሪ አሠራር ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ ልዩነቱም በቤተሰብ ውስጥ እንደሚወረስ አመለከተ። በ1908 ባቀረባቸው ትምህርቶች ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሌሎች ሕመሞች አሰፋው። አልካፕቶኑሪያ ሰዎች ተሸክመውት የሚያረጁት ሕመም ነው፤ ስለዚህ የዚህ የሕክምና ዘርፍ የመጀመሪያ ምሳሌ ራሱ አዋቂዎችን የሚመለከት ነበር። በኋላ ግን በ1960ዎቹ በሮበርት ጋትሪ ዘዴ ከሕፃናት ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ ምርመራ ተጀመረና ሙያው ከሕፃናት ሕክምና ጋር ተቆራኘ። የተወለዱ ሳምንት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት የሁሉንም ዓይን ሳቡ። ቀለል ያለውን ጉድለት ይዘው ያደጉት፣ ትምህርት የተማሩት፣ ያገቡትና የወለዱት ሰዎች የሚፈልጋቸው ጠፋ።

ከእነዚህ ሕመሞች ሁሉ ኢንፌክሽን እንዴት ሽፋኑን እንደሚገልጥ አጥርቶ የሚያሳየው የዩሪያ ዑደት ጉድለት ነው። ከምንበላው ፕሮቲንና ከራሳችን ጡንቻ መፍረስ ናይትሮጅን ይተርፋል። ይህ ትርፍ በአሞኒያ መልክ ደም ውስጥ ቢከማች አንጎልን ይመርዛል፤ ስለዚህ ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ይለውጠውና ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንዘላይት በ1932 ፍራይቡርግ ውስጥ ሆነው ይህ ሥራ በዑደት የሚከናወን መሆኑን አሳዩ። ከዑደቱ ኢንዛይሞች አንዱ ኦርኒቲን ትራንስካርባሚሌዝ ይባላል፤ ባለሙያዎች ኦቲሲ ብለው ያሳጥሩታል። ከዑደቱ ጉድለቶች መካከል በብዛት የሚታየውም የእሱ ነው። ጂኑ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ጂኑ ፈጽሞ ከተበላሸበት በተወለደ በቀናት ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ግን አድጎ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንዱ በዕጣ ይዘጋል። ሜሪ ላየን ይህን ሐሳብ ያቀረበችው በ1961 ነበር። ዕጣው በአንዲት ሴት ጉበት ውስጥ ጤነኛውን ጂን በብዛት ክፍት ሊያደርግ ይችላል፤ በእህቷ ጉበት ውስጥ ደግሞ የተበላሸውን። ለዚህ ነው ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ሴቶች ያንኑ ጂን ወርሰው አንዷ ምንም ሳይነካት ስትኖር ሌላዋ ከአንድ ትኩሳት በኋላ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትገባው።

ኢንፌክሽን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉበት የመከራዎች ሁሉ መሰብሰቢያ ነው። ሕመምተኛው ምግብ ይዘጋበታል፤ ያስመልሰዋል። ትኩሳቱና የሰውነት መከላከያው ግን ጉልበት ይጠይቃሉ። የተከማቸው ስኳር አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ሳያዘልቅ ያልቅና፣ ሰውነት ጎተራው የነጠፈበት ገበሬ የዘር እህሉን እንደሚበላ ሁሉ የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ናይትሮጅን ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ያስተናግደዋል፤ በግማሽ አቅሙ ሲሠራ የኖረው ግን አሁን አቅቶት አሞኒያው ያልፈዋል። ሥጋ ያልቀመሰ ሕመምተኛ አሞኒያው የሚያሻቅበው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚመርዘው ፕሮቲን ከራሱ አካል የወጣ ነውና። መዘባረቁ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽኑ ከጀመረ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የሕክምናው አንድ እጅ ሳያውቀው ሌላውን የሚጎዳበት አጋጣሚ አለ። በሰኔ 2020 የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ የኮቪድ-19 ሕመምተኞችን ሞት በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ርካሽ የሆነው ይህ መድኃኒት በመላው ዓለም ሕይወት አትርፏል፤ ማንም ሊከራከርበት አይገባም። ሆኖም የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች፣ ማለትም ስቴሮይዶች፣ የጡንቻ መፍረስን ያፋጥናሉ፤ ድብቅ የኦቲሲ ጉድለት ያለበትን ሰው ወደ ኮማ እንደሚገፉ ከኮቪድ ብዙ ዓመታት በፊት የታወቀ ነው። ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ ለሚጥል በሽታ ተብሎ የሚሰጠው ቫልፕሮዌትም አሞኒያን ይጨምራል። ሁለቱም መድኃኒቶች ለብዙኃኑ መልካም ናቸው። ሕመምተኛው ከተሰጡት በኋላ አእምሮው ከደከመ ግን ‹‹በሽታው ጠናበት›› ከማለት በፊት ስለ አሞኒያ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚያነቁ ምልክቶች ከጄኔቲክ ላብራቶሪ በፊት አልጋው አጠገብ ይገኛሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ አንዱ ነው። የዩሪያ መጠን በየሆስፒታሉ ለኩላሊት ምርመራ ተብሎ ይለካል፤ ሐኪሙም ከፍ ማለቱን ብቻ ይፈልጋል። በትኩሳት የደረቀና በኢንፌክሽን የተጎዳ ሰው ዩሪያው ከፍ ማለት ሲገባው በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ጉበቱ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰውም ዝቅተኛ ዩሪያ ሊኖረው ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ግን አይታለፍም። አተነፋፈሱም እንዲሁ ነው። አሞኒያ የአንጎልን የትንፋሽ ማዕከል ስለሚቀሰቅስ ሕመምተኛው በፍጥነት ይተነፍስና ደሙ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ ኢንፌክሽኑ ሥር የሰደደበት ሰው ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሲድነት ይሄዳል። የራስ ሲቲ ስካንና የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ ምንም ሳያሳዩ ኮማው ከጠለቀ ጥርጣሬው መጠንከር አለበት። በጤነኛ አዋቂ የአሞኒያ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ50 ማይክሮሞል በታች ነው፤ 200 ካለፈ የአንጎል እብጠት ያሰጋል። ናሙናው በበረዶ ላይ ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ግን ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። በሥራ በተጨናነቀ ሆስፒታል ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የኦቲሲን ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ያወጣው የአንድ ወጣት ሞት ነው። የ18 ዓመቱ ጄሲ ጌልሲንገር ከፊል ጉድለቱን በምግብ ጥንቃቄና በመድኃኒት ተቆጣጥሮ ይኖር ነበር። በመስከረም 1999 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂን ሕክምና ሙከራ ላይ ተሳተፈ፤ ጤነኛው ጂን የተጫነበት አዴኖ ቫይረስ ተሰጠውና በአራተኛው ቀን ሞተ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከምርምር ሥነ ምግባር አንጻር ነው፤ ተገቢም ነው። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። ሰውነቱ ለቫይረሱ የሰጠው ከባድ የመከላከያ ምላሽ አሞኒያው እንዲያሻቅብ አድርጎ ነበር፤ ያ የሆነውም ሕመሙ አስቀድሞ በሚታወቅ፣ ባለሙያዎች በከበቡት ወጣት ላይ ነው። ሕመሙ ያልታወቀለትና በክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ በትኩሳት የተኛ ሰው ከዚያ የተሻለ ዕድል አይኖረውም።

ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው መጀመሪያ ሊባል የሚገባው ሚዛን የሚጠብቅ ቃል ነው። በኢትዮጵያ ትኩሳት ይዞት አእምሮው የሳተ ሰው ሲገኝ የሚቀድመው ወባ ነው፤ ማጅራት ገትር ነው፤ ተስቦ ነው፤ የደም ስኳር መውረድ ነው። የዩሪያ ዑደት ጉድለት በጠቅላላው ከ35 ሺህ ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ አሞኒያ ከፍ ሲልም ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው የጉበት በሽታ ነው። ትኩሳት የያዘውን ሁሉ አሞኒያ ለመለካት መሞከር ብክነት ይሆናል። የምከራከረው የተለመዱት ምክንያቶች ተፈትሸው ታሪኩ አልገጥም ሲል ስለሚመጣው ሰዓት ነው።

በዚያ ሰዓት የኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ አመጋገብ ብዙ ይናገራል። የኦቲሲ ጂን የተሸከሙ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥጋና እንቁላል እንደሚሸሹ በተደጋጋሚ ተስተውሏል፤ ሲበሉት ያማቸዋል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ስለዚህ ሳያውቁት ራሳቸውን ያክማሉ። ሌላ አገር ይህ ፕሮቲን መሸሽ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ግን የኦርቶዶክስ ምእመን የዓመቱን ከፍተኛ ክፍል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ ስለሚያሳልፍ ‹‹ሥጋ አይስማማኝም›› ያለችን ሴት የሚገርምባት የለም። ይልቁንም ጠንካራ ጿሚ ተብላ ትመሰገናለች። ጾሙ በአንድ በኩል የፕሮቲኑን ጫና ስለሚያቀልላት ሕመሙን ሊሸሽግላት ይችላል። በሌላ በኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ሰውነት ጡንቻውን እንዲያፈርስ ይገፋዋል፤ ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት በአንዴ የሚወርደው ዶሮና ሥጋ ደግሞ ለደካማ ጉበት ድንገተኛ ሸክም ነው። በዚህ ላይ ጉንፋን ቢጨመር ምን ሊሆን እንደሚችል ከሕመሙ አሠራር መረዳት ይቻላል። ጾምን ማንም በዚህ አይወቅስም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን ከጾም ታሳርፋለች። ሐኪሙ ግን ሲጠይቅ ‹‹ምን ትበያለሽ?›› በሚለው ብቻ መቆም የለበትም፤ ‹‹ጾም ሲፈታ ምን ይሰማሻል? ከፍስክ በኋላ ያምሻል?›› ማለት አለበት።

አራስ ቤት ይበልጥ ያሳስበኛል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ ብዙ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ ጂኑን የተሸከሙ እናቶች ላይ አሞኒያ የሚያሻቅበው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሆኑ በደንብ የተመዘገበ ነው። የእኛ ባህል ደግሞ በፍቅር አራሷን ገንፎ በቅቤ፣ ሾርባ፣ ዶሮና ሥጋ ይመግባታል። ከዚያ የማሕፀን ኢንፌክሽን ቢይዛት፣ ትኩሳቱ መጥቶ ነገር ቢምታታባት፣ ቤተሰቡ ‹‹ለከፋት›› ይላል፤ ሐኪሙ ደግሞ ወይ የኢንፌክሽኑ ነው ወይ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ መታወክ ነው ይላል። ጸበል ይዘዋት ቢሄዱ በባዶ ሆድ ነው የምትቆየው። የሚረዷት ሁሉ የሚረዷት ከልባቸው ነው። እንዲህ ያለች ሴት ደም ወደ ላብራቶሪ የሚላክበት አጋጣሚ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ በአብዛኛው የጤና ተቋማችን የአሞኒያ ምርመራ እንደ ስኳር ምርመራ በእጅ አይገኝምና።

ሌላም የአገራችን ነገር አለ። በአማራው ዘንድ ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲገናኝ ብቻ የሚከሠቱትን ሕመሞች ይቀንሳል። ከእነዚህ አንዱ ሲፒቲ-2 የሚባለው ኢንዛይም ጉድለት ነው። ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ስብን አቃጥሎ ጉልበት ማድረግ ስለሚያቅተው፣ በረዥም ድካም፣ በጾም ወይም በትኩሳት ጊዜ ጡንቻው ይፈርስና ሽንቱ ይጠቁራል፤ ኩላሊቱም ሊቆም ይችላል፤ ኩላሊቱን ያቆመው ኢንፌክሽኑ ነው ተብሎ ይታለፋል። ኦቲሲን ግን ሰባት ቤት ቢቆጠር አያቆመውም። በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚጓዝ እናትየው ብቻዋን ልታስተላልፈው ትችላለች፤ አባትየው ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም። ‹‹በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም›› የሚል ቤተሰብ ሲገጥም በእናት በኩል በሕፃንነታቸው ያለ ምክንያት የሞቱ ወንድ ልጆች እንዳሉ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በኤክስ ክሮሞዞም ከሚወረሱት መካከል ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ጉድለት ነው። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። በ1956 የታወቀው በኢሊኖይ ስቴትቪል እስር ቤት ፕራይማኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት ሲሞከር፣ በአንዳንድ እስረኞች ላይ ቀይ የደም ሕዋስ በመፍረሱ ነው። በጤና ጊዜ ምንም የማይሰማው ሰው በኢንፌክሽን፣ በአንዳንድ መድኃኒት ወይም ባቄላ በልቶ ደሙ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ይጠቁራል። በኢትዮጵያ ጉድለቱ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ዝቅ ብሎ የሚታይ ቢሆንም በጋምቤላ ከደጋው ይልቅ በብዛት ይገኛል። ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያገረሸው የቪቫክስ ወባ በአገራችን በብዛት ስላለ፣ እሱን ለመንቀል የሚሰጠው ፕራይማኩዊን ይህን ጥያቄ የዕለት ተዕለት አድርጎታል። በዚህ መስክ ዓለም ትክክለኛ ትምህርት ቀስሟል፤ በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ታፈኖኩዊን ለሕመምተኛ የሚሰጠው የኢንዛይሙ መጠን ተለክቶ ነው። አንድ ድብቅ ጉድለት ከመድኃኒት በፊት ይጠየቅ ተብሎ ደንብ ሊወጣለት እንደሚችል ማረጋገጫው ይኸው ነው።

በአሜሪካና በእስራኤል የሚወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች በተወለዱ በቀናት ውስጥ በርካታ የሜታቦሊዝም ሕመሞችን የሚፈትሽ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉንም ሕፃን የሚያዳርስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ሆኖም አገር ቤት ተወልደው ውጭ የሚኖሩት ወላጆቻቸው አልተመረመሩም፤ ኦቲሲም ምርመራው አጥርቶ የማይይዘው ሕመም ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ከብዙ አገሮች ዝርዝር ውጭ ሆኖ ቆይቷል። የሕፃናት ምርመራ ያለበት አገር የሚኖር ጎልማሳም ስለዚህ ነፃ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሕክምናው የሚጀምረው እጃችን ላይ ካለው ነገር መሆኑ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ፕሮቲን ለአጭር ጊዜ ይቆማል፤ ወዲያውም 10 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። ግሉኮሱ ሰውነት ጡንቻውን ማፍረሱን እንዲያቆም ያደርገዋል። አሞኒያን አስረው የሚያስወግዱት ሶዲየም ቤንዞዌትና ሶዲየም ፌኒልአሴቴት፣ እንዲሁም አርጊኒን፣ በየቦታው አይገኙም፤ አሞኒያው በጣም ከፍ ካለ ግን ደሙን የሚያጥበው የኩላሊት እጥበት መሣሪያ በትልልቅ ሆስፒታሎቻችን አለ። ፕሮቲኑ ከአንድ ከሁለት ቀን በላይ እንዳይቆምም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሰውነት ተመልሶ ራሱን ይበላል። በዚህ መንገድ በሰዓታት ውስጥ የተደረሰላቸው አዋቂዎች ነቅተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ኮማ ውስጥ ቀናት ያሳለፉት ግን ብዙዎቹ ወይ ሞተዋል ወይ አንጎላቸው ተጎድቷል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ቤተሰቡ ይሻገራል። ጂኑን የተሸከመች እናት እያንዳንዱ ወንድ ልጇ ግማሽ በግማሽ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጇም ግማሽ በግማሽ የመሸከም ዕድል አላቸው። የታመመ አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንዶቹ ግን ለአንዳቸውም አያስተላልፍም። በሕመሙ ልምድ ያላቸው ማዕከላት ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ይሰጣሉ፤ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲመጣ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ምን እንደሚያደርግ፣ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደሚተው፣ የአሞኒያ ውጤት እስኪደርስ ሳይጠብቅ ግሉኮስ እንዲጀምር ይነግረዋል። ጂኑ እንዳለባት የታወቀች ነፍሰ ጡርም ምጥ ሲጀምራት ግሉኮስ ይያዝላታል፤ ከወለደች በኋላ አሞኒያዋ ክትትል ይደረግበታል፤ የተወለደው ወንድ ከሆነ ደግሞ የእሱም ደም ሕመሙ እስኪታይበት ሳይጠበቅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይለካል።